ለሚ እምቢ የሚልበት ወረቀት

ባለፈው ክረምት አንዲት ልጅ ስልክ ደወለችልኝ። ለወጣት የፋብሪካ ኃላፊዎች ሥልጠና ከሚያዘጋጅ ድርጅት ነኝ አለች። «ከቀን ሠራተኛነት ተነሥተው ምክትል ሥራ አስኪያጅ የደረሱ ሰው ነዎት ብለው ጠቁመውናል። እንዴት እዚያ እንደደረሱ ለልጆቹ ይንገሩልን» አለችኝ።

«ስንት ሰዓት ነው የምናገረው?» አልኳት።

«ሃያ ደቂቃ ይበቃል አባቴ። ብቻ የሚያነቃቃ ነገር ቢሆን ደስ ይለናል።»

«የሚያነቃቃ ነገር የለኝም» አልኩና ስልኩን ዘጋሁባት።

ልጅቷ ምንም አላጠፋችም። ከዘጋሁ በኋላ ግን ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ እውነቱን ልናገር ብል በሃያ ደቂቃ አያልቅም። ውሸቱን ልናገር ብል ደግሞ ስኖርበት ከርሜ ሰልችቶኛል። ስለዚህ ልጽፈው ተነሣሁ። እኔ የጽሑፍ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ፋብሪካ ከገባሁ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ዛሬም ሳነብ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። ልጄ ብርሃኔ በኮምፒውተር ትገለብጥልኛለች። ፊደሌን አርሚ፣ ነገሬን ግን እንዳትነኪ ብያታለሁ። «አባዬ፣ በዚህ ዕድሜህ ይሄን ለምን ታወጣዋለህ?» ትለኛለች። በዚህ ዕድሜዬ ካላወጣሁት በየትኛው ላወጣው ነው?

ሰበታ ካሉት ቆዳ ፋብሪካዎች አንዱ ጋ የገባሁት በጉልበቴ ነው። ጨው የተነሰነሰበት ጥሬ ቆዳ ከመኪና ማውረድ፣ መደርደር፣ በሳምንቱ ደግሞ ማገላበጥ። እርጥብ የበሬ ቆዳ ተሸክሞ የማያውቅ ሰው ክብደቱን ብነግረው አያምነኝም። ሽታው ልብስ ላይ ብቻ አይቀርም፣ ፀጉር ሥር ይገባል። ታክሲ ውስጥ ስቀመጥ አጠገቤ ያለው ሰው መስኮት ይከፍታል፤ መስኮቱ አልበቃው ሲል ተነሥቶ ሌላ ወንበር ይፈልጋል። ስለ ደመወዙ አላወራም፤ ያኔም የሚወራለት አልነበረም።

ፎርማናችን ኦቦ ገመቹ ይባሉ ነበር። አጠር ደረቅ ያሉ ሰው ናቸው፤ የሁለት ጣታቸውን ጥፍር ኖራ በልቶታል። ትምህርት የላቸውም፣ እንዲያውም ከእኔ ያንሳሉ። ዛሬ ስለ አለቅነት የማውቀው ነገር ካለ ከእሳቸው ያየሁት ነው፤ ከዚያ ወዲህ በየሆቴሉ አዳራሽ ተቀምጬ የሰማሁት ሁሉ የእሳቸውን ግማሽ አይሆንም።

እኚህ ሰው አንድም ቀን ከሩቅ ሲጣሩ ሰምቼ አላውቅም። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል ሰው ከፈለጉ እሱ ያለበት ድረስ ይሄዳሉ፣ እጃቸውን ትከሻው ላይ ያደርጋሉ። ጠዋት በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ?» ይሉኛል፤ «ነጋ»፣ ደህና፣ እላለሁ። ወዲያው ደግሞ በአማርኛ «እንዴት አደርክ?» ይላሉ።

«አሁን ጠየቁኝ እኮ ኦቦ!»

«የቅድሙ ለሰላምታ ነው። ይሄኛው ለመስማት ነው» ይሉና ቆመው ይጠብቃሉ። እውነትም በሁለተኛው ላይ ነው ሰው ልጄ አሞኛል፣ ወገቤ አልቀና ብሏል የሚለው። የታመመ ልጅ ያለውን ሰው ያን ቀን ማሽን ላይ አያቆሙትም ነበር።

ድራም የምንለው እንደ ግዙፍ በርሜል የተጋደመ የእንጨት ማሽን ነው። ቆዳው፣ ውሃውና መድኃኒቱ ውስጡ ገብቶ ይሽከረከራል። ኦቦ ገመቹ ደወል ሳይደወል ይገቡና የድራሙን ተሸካሚ ምሰሶ በመዳፋቸው ነካ ያደርጋሉ። «ይሄ ውሃ አንሶታል።» «ይሄኛው ውስጥ ቆዳው ተጠቅልሏል፣ አቁመህ ፍታው።» ስንከፍተው እንዳሉት ነው። ከኖራ የወጣው ሌጦ በማለስለሻ ሲታጠብ አውራ ጣታቸውን ይጫኑበታል። አሻራቸው ታትሞ ከቀረ ደርሷል፤ ተመልሶ ከተነፋ ገና ነው። ሌጦውን እንደ ከረጢት ጨብጠው አየር ሲገፉበት በፀጉሩ ቀዳዳ ትንንሽ አረፋ ብቅ ብቅ ማለት አለበት። ክሮም የሚባለውን ማልፊያ መድኃኒት ከጠጣ በኋላ ደግሞ ከወፍራሙ ቦታ፣ ከአንገቱ፣ ቁራሽ ቆርጠው የፈላ ውሃ ውስጥ ይጥላሉ። ከተኮማተረ ጥሬ ነው። እንደተዘረጋ ከቆየ በስሏል። ይሄን ሁሉ ሦስት ዓመት ሙሉ እጄን ይዘው አሳዩኝ። አውራ ጣቴን ራሳቸው ቆዳው ላይ እየተጫኑ ነው ያሳዩኝ።

አንድ ቅዳሜ የበግ ሌጦ ማለስለሻ ውስጥ ሲዞር እኔን ጠባቂ አድርገው ሄዱ። ያን ቀን የፋብሪካችን ቡድን ኳስ ይጫወታል። ለአንድ አፍታ ብዬ ወጣሁ፣ ተሸንፈን እስኪያልቅ ቆየሁ። ስመለስ ሌጦው አልቆለታል። በጣቴ ስነካው እንደ ረጠበ ወረቀት ይተረተራል። ኦቦ ገመቹ አዩትና ክንዴን ይዘው የምርት ኃላፊው ቢሮ አስገቡኝ።

«ተናገር» አሉኝ።

«ኳስ ላይ ነበርኩ፣ ጌታዬ። አበላሸሁት።»

ኃላፊው ገና አፉን ሳይከፍት «እኔም የምናገረው አለኝ» አሉ። «ኳስ የሚወድ ልጅ፣ የኳስ ቀን፣ ብቻውን ድራም ላይ ያቆምኩት እኔ ነኝ። የእሱን ለእሱ ጻፉ፣ የእኔን ለእኔ።»

ሁለታችንም ተቀጣን፤ እሳቸው ለጊዜው ከፎርማንነት ወርደው ከእኔ ጋር ጨው ቤት ተመደቡ። አንድ ቀን እንኳ አላነሡብኝም። አንዴ ብቻ ቆዳ እያገላበጥን ሳለ «ለመሆኑ ስንት ለስንት ተሸነፍን?» አሉኝ። ሦስት ለባዶ ስላቸው «ታዲያ ለዚህ ነው?» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከሁሉ አጥብቀው የያዙት ግን የፍሳሽ ጉድጓዱን ሥርዓት ነበር። ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ሁለት ዓይነት ውሃ አለ። አንደኛው ከኖራው የሚወጣው ነው፤ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ሌላው ከክሮሙ የሚወጣው ነው፤ አሲድ አለበት። ሁለቱ ጉድጓድ ውስጥ ከተገናኙ ጋዝ ይወጣል፤ ጋዙ ሰው ይገድላል። ኦቦ ገመቹ ይሄን ያወቁት በኬሚስትሪ አይደለም፣ በቀብር ነው። ስለዚህ ሥርዓታቸው እንዲህ ነበር። ሁለቱ ውሃዎች በአንድ ቀን አይለቀቁም። ጉድጓዱ ከተደፈነ ተከፍቶ፣ ንጹሕ ውሃ ተለቆበት፣ ቀኑን ሙሉ ይተነፍሳል። በማግስቱ የሚገባው ሰው ወገቡ ላይ ገመድ ታስሮ ነው፤ ገመዱን የሚይዘው አለቃው ራሱ ነው፣ ሌላ ሰው አይደለም።

«ሲሸትህ አትፍራ» ይሉ ነበር። «ሽታው የጠፋብህ ጊዜ ነው የምትሮጠው። አፍንጫህን ገድሎት ነው፣ ቀጥሎ አንተን ነው።»

ይሄ ሁሉ በቃል ነው። የትም አልተጻፈም። ማን ይጽፈዋል?

መንግሥት ተለውጦ ፋብሪካው ወደ ግል ሲዞር ብዙዎቻችን ተበተንን። ኦቦ ገመቹ በጡረታ ወጥተው መናገሻ ካለችው ማሳቸው ገቡ፤ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። እኔ ቡራዩ፣ ለጫማ ገበር የሚሆን ሌጦ የሚያለፋ አነስ ያለ ቤት ፎርማን ሆኜ ተቀጠርኩ። ለሚን ያገኘሁት እዚያ ነው።

ለሚ የሰበታ ልጅ ነው፣ ረዥም፣ አፉ የማያርፍ። እኔን «ጋሼ ኖራ» ብሎ ስም አወጣልኝና ቤቱ በሙሉ ተከተለው። ሥራውን ግን በአንድ ዓመት ጨረሰው። አውራ ጣቱን ሌጦ ላይ ሲጫን ሳየው ኦቦ ገመቹ የተነሡ ነበር የሚመስለኝ። የጉድጓዱንም ሥርዓት አስተማርኩት፤ ገመዱን ለእሱ ስይዝ ስንት ጊዜ ከላይ ቆሜያለሁ።

«ጋሼ ኖራ፣ ገመዱን አጥብቀህ ያዝ፤ ሚስቴ ገና አዲስ ናት» ይለኝ ነበር ከታች ሆኖ።

«አንተ ብትቀር እሷ ነች የምታርፈው!»

አንድ ነገር ልንገራችሁ ስለ እሱ። አሥረኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ ነው፤ ማንበብ እንደሚያስቸግረኝ በሁለተኛው ቀን ገብቶታል። አዲስ የመድኃኒት ጆንያ ሲመጣ አብሮኝ ይቆምና ዓይኑን ጨፈን ጨፈን አድርጎ «ፋብሪካዎቹ ምን ነካቸው፣ ይሄን ደቃቃ ጽሑፍ ማን ያየዋል? እንትን ነው መሰለኝ የሚለው፣ አይደል ጋሼ?» ይለኛል። እኔም «አዎ፣ እሱ ነው» እላለሁ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ አነበበልኝ። አንድም ሰው አላወቀብኝም። አንዴም አላመሰገንኩትም፤ ለማመስገን መጀመሪያ አልችልም ማለት ነበረብኝ።

ሱሉልታ ትልቅ አዲስ ፋብሪካ ሲከፈት በሥራ ዕውቀቴ የምርት ክፍል ኃላፊ አድርገው ወሰዱኝ። ለሚን ይዤው ሄድኩ፣ የፈረቃ ፎርማን ሆነ። ቤተሰቡ ሰበታ ቀረ፤ እሱ በየሳምንቱ ይመላለሳል። ለእኔ ቢሮ ተሰጠኝ፣ ፎቅ ላይ፣ በመስተዋቱ ድራሞቹን ቁልቁል ታያላችሁ። መጀመሪያ በየሰዓቱ እወርድ ነበር። ከዚያ ጠዋትና ከሰዓት ሆነ። ከዚያ ስብሰባው በዛ። መስተዋቱ ጥሩ ነው፣ ሁሉ ይታያል፤ ግን ከዚያ ላይ ሆኖ ማንም ሰው እንዴት እንዳደረ አይሰማም። ከታች ሆነው ቀና ሲሉ እጄን አነሣላቸዋለሁ፣ እነሱም ያነሣሉ። ሰላም የተባባልን ይመስለኝ ነበር።

ዋና ሥራ አስኪያጁ አቶ ሳምሶን የተማረ፣ ጨዋ ሰው ነው። አንድ ቀን የክፍል ኃላፊዎችን ሰብስቦ «እያንዳንዳችሁ የክፍላችሁን የአሠራር መመሪያ ጽፋችሁ አምጡ፣ በተለይ አደጋ ያለበትን» አለ። ፎርም ሰጠን። ባዶ መስመር ያለው ስምንት ገጽ። ቢሮዬ ወስጄ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ፎርሙ ወራት ቆየ። ስንት ጊዜ አውጥቼ አየሁት። «የፍሳሽ ጉድጓድ» ብዬ ጽፌ ፊደሌ እንደ ልጅ ሲሆንብኝ ቀድጄ ጣልኩት። ጸሐፊዬ ሰላማዊት ገብቷታል መሰለኝ፣ አንድ ቀን በር ላይ ቆማ «ጋሽ በየነ፣ እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ በኮምፒውተር ልጻፈው፤ ግማሽ ቀን አይፈጅም» አለችኝ።

«መጻፍ አይችልም ያለሽ ማን ነው?»

«ኧረ እኔ እንደዚያ አላልኩም…»

«ሥራሽን ሥሪ!»

ዓይኗን እንባ ሞላው። ሁለተኛ አላነሣችውም። እኔም አልጻፍኩትም። አቶ ሳምሶን ሲጠይቀኝ «የእኛ ሥራ በእጅ ነው፣ ሠራተኛው ያውቀዋል» እለዋለሁ፤ እሱም ለዕድሜዬ ብሎ ይተወኛል። እንዲህ ያለው ነገር በእኛ አገር መከባበር ይባላል።

ፎርሙ መሳቢያዬ ውስጥ እንዳለ፣ አንድ ቀን አዲስ አበባ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ባለቤቶቹ አሉ፣ ከውጭ የመጡ ገዢዎችም አሉ። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ስለ ምርታችን እየተናገርኩ ስልኬ ጮኸ። ለሚ ነው። ወደ ግድግዳው ዞር ብዬ አነሣሁት።

«ጋሼ፣ የፍሳሹ ፓምፕ ተደፍኗል። ውሃው ወደ ድራሙ ሊመለስ ነው።»

«ታዲያ አጽዱት።»

«የክሮሙ ውሃ ጠዋት ተለቋል እኮ፣ ሥሩ ደግሞ የኖራው ዝቃጭ አለ። ላቁመውና እስከ ነገ ይተንፍስ?»

ሰዎቹ እያዩኝ ነው። አንደኛው ሰዓቱን ተመለከተ። እኔ እንዲህ አልኩት፣ ቃል በቃል ነው የምጽፈው። «ገዢ ፊት ቆሜ ድራም ቆሟል ልበል? ስንት ጊዜ የገባህበት ጉድጓድ ነው! ግባና አጽዳው።»

«እሺ ጋሼ» አለ።

ንግግሬን ጨረስኩ። አጨበጨቡልኝ። ሻይ ዕረፍት ላይ ሳለን ሰላማዊት ደውላ እያለቀሰች ነገረችኝ። ለሚ ገመድ ታስሮ ገብቶ ነበር። ገመዱን የያዘው ሠራተኛ ግን ገና አዲስ ነው፤ ለሚ ሲዝለፈለፍ አየና ገመዱን ለቅቆ ሊያነሣው ራሱ ወረደ። ሌሎች ደርሰው ሁለቱንም ጎተቱ። ያ ሠራተኛ ተረፈ። ለሚ አልተረፈም።

ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ ከማሰብ ሌላ ሥራ የለኝም። ለሚ ሥርዓቱን አያጣውም። ጠየቀኝ እኮ! ግን ሥርዓቱ ያለው በእኔ አፍ ነው፣ ከእኔ አፍ ነው የሰማው፤ ያው አፍ ሻረው። ያ ስምንት ገጽ ተሞልቶ፣ ማኅተም ተመትቶበት ግድግዳው ላይ ቢሰቀል ኖሮ «ጋሼ፣ እዚህ እኮ አይገባም ይላል፣ አንተው የፈረምክበት» ይለኝ ነበር። ያ አፈኛ ልጅ ይለኝ ነበር። ሠራተኛ አለቃውን እምቢ የሚልበት ነገር እጁ ላይ ሊኖር ይገባል። እኔ ፊደሌ እንዳይታይብኝ ብዬ ያን ከለከልኩት። ስለ አለቅነት የምትጠይቁኝ ካላችሁ የምነግራችሁ ይሄን ነው፣ ሌላ የለኝም።

በዚህ አላበቃም። መርማሪዎች ከመምጣታቸው በፊት አቶ ሳምሶን ቢሮው ጠራኝና አንድ ገጽ ወረቀት ሰጠኝ። ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ አነበብኩት፤ እሱ ወደ ውጭ ያይ ነበር። «ሟች ያለ ፈቃድ በራሳቸው ችኮላ ወደ ጉድጓዱ በመግባታቸው» ይላል።

«ይሄ ውሸት ነው» አልኩት። «ግባ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ ጋሽ በየነ። የጽሑፍ መመሪያ አለን ወይ ብለው ይጠይቃሉ፤ ምን ልበላቸው? ፋብሪካውን ያሽጉታል። ይሄ ሁሉ ሠራተኛ የት ይግባ? ለሚ አይመለስም።»

ብዕር አነሣሁ። አንብቤ የገባኝን ወረቀት ነው የፈረምኩት፤ ሳላነብ ፈረምኩ ብዬ ማንንም አላታልልም። ኦቦ ገመቹ በዚያ ቅዳሜ ክንዴን ይዘው ቢሮ ሲያስገቡኝ ትዝ አለኝ። ትዝ እያለኝ ፈረምኩ።

በዓመቱ ምክትል ሥራ አስኪያጅ ሆንኩ። ያቺ የደወለችልኝ ልጅ እንዴት እንደደረስኩ የጠየቀችኝ ወንበር ይሄ ነው። ስድስት ዓመት ተቀመጥኩበት። ሰላማዊት መመሪያውን ጻፈችው፣ እኔ እየነገርኳት፤ ግማሽ ቀን አልፈጀም። ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። ከዚያ በኋላ ማንም አልሞተም፤ ይሄን ስናገር ግን እንዳልመሰገንበት።

ጡረታ ስወጣ ጋቢና የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ። አቶ ሳምሶን «ትሕትናን ከእርሳቸው ተማርን» ብሎ ተናገረ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ፋብሪካው ተዘጋ። ቆዳ ገበያ የለውም አሉ። ድራሞቹ ለማገዶ ተፈልጠው ተሸጡ፣ ሠራተኛው ተበተነ። ያን ወረቀት የፈረምኩት ይሄ ሰው እንዳይበተን ነበር። ወረቀቱን ላስተካክል ብዬ ሄጄ በሩ ላይ አንድ ዘበኛ ብቻ አገኘሁ። «ፋይሎቹ በመኪና ተጭነው ሄደዋል አባባ። የት እንደሆነ አላውቅም» አለኝ። መርማሪዎቹ ወደነበሩበት ቢሮ ሄድኩ፤ ጉዳዩ የተዘጋ ነው፣ አመልካቹ ማን ነው አሉኝ።

ስለዚህ የለሚ ሚስት ጋ ሄድኩ፣ ሰበታ። ጫልቱ ትባላለች፣ የፕላስቲክ ዕቃ መሸጫ ሱቅ አላት። ከቀብሩ ወዲህ አይቻት አላውቅም። ዱካ አቀረበችልኝ፣ ራሷ ቆማ ቀረች። ነገርኳት። ከስልኩ ጀምሬ እስከ ፊርማው፣ ምንም ሳላስቀር።

እስክጨርስ ድረስ ጆግ ትወለውል ነበር። «አውቃለሁ» አለች። «በሠልስቱ ነው የሰማሁት። ሲደውልልዎት አጠገቡ የነበሩ ልጆች ነገሩኝ።»

«ይሄን ሁሉ ዓመት ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ይመጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። ከዚያ ተውኩት። አሁን ለምን መጡ? ሥራ ሲፈቱ?»

«ሥራ ስፈታ» አልኳት።

«ለእኔ መንገርዎ ለእርስዎ ነው የሚጠቅመው» አለች። «እዚህ ሰፈር ለሚን ምን እንደሚሉት ያውቃሉ? ልጅ ሲመክሩ፣ ‹ረጋ በል፣ እንደ ለሚ አትቸኩል› ይላሉ። እኔ እየሰማሁ። ያ ወረቀት ላይ ያለው ቃል ነው። ሰውየው በሕይወቱ ቸኩሎ አያውቅም እኮ፤ ቁርሱን እንኳ ስንት ሰዓት ፈጅቶ ነበር የሚበላው! እሑድ የዕድራችን ስብሰባ ነው። መጥተው ለእነሱ ይንገሩ። ስሙን ከዚያ ያውጡልኝ።»

እሺ አልኩ። ቡራዩ ቤቴ ገብቼ በራሴ እጅ ጻፍኩት፣ አንድ ገጽ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሄድኩ። የቆርቆሮ አዳራሽ ነው፤ ሰው በአግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ማንነቴ ሲነገር የዕድሩ ዳኛ አቶ ምትኩ ከፊት የራሳቸውን ወንበር ለቀቁልኝ። አይሆንም ብል በግድ አስቀመጡኝ። ጫልቱ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ነበረች። የስም ጥሪው ካለቀ በኋላ ተነሣሁ፣ ወረቀቴን ዘረጋሁ። ፊደሉ ይደራረብብኛል። «ለሚ አልቸኮለም» የሚለውን አነበብኩ። «ግባ ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ላቁመው ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር» የሚለውን አነበብኩ። ከዚያ በላይ ሳላነብ አለቀስኩ።

አንዲት እናት ከንፈራቸውን መጠጡ። አቶ ምትኩ ተነሡና «ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ አያችሁ?» አሉ። «አለቃ ማለት እንዲህ ነው! የሠራተኛውን ጥፋት በራሱ ላይ የሚወስድ። በዚህ ዕድሜያቸው፣ ከቡራዩ ድረስ መጥተው፣ የእኛን ሟች ስም ለማክበር!»

«ለማክበር አይደለም!» ብዬ ጮኽኩ። «እውነቴን ነው የምላችሁ! እኔ ነኝ የገደልኩት!»

«እሺ አባታችን፣ እሺ» አሉኝ፣ እንደ ሕመምተኛ። «እግዜር የቀጠረው ቀን ነው። እርስዎ ምን አደረጉ? ራስዎን አይጉዱ። ውሃ ስጧቸው።» ከወጣቶቹ መሀል ማጨብጨብ የጀመረ አለ። ጸሐፊው ይጽፋል። ምን ጻፍክ ብዬ መዝገቡን ጎተትኩበት፤ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ አነበብኩት። «እንግዳችን ለሟች የነበራቸውን የአባትነት ፍቅር በእንባ ገልጸዋል» ይላል። አጥፋው አልኩት። ዳኛውን አየ፤ ዳኛው በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጫልቱ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። በሰው መሀል አልፌ በሩ ላይ ደረስኩባት።

«ነግሬያቸዋለሁ» አልኳት። «ሰማሽ አይደል? ነገርኳቸው።»

«ሰማሁ» አለች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ለሚ ችኩሉ ሆኖ ቀረ። እርስዎ ደግሞ ዛሬ ደጉ ሆኑ።»

ሄደች። ልከተላት አንድ እግሬን ከደጃፉ ሳወጣ ሁለት ጎልማሶች በግራና በቀኝ ብብቴን ያዙኝ። መንገዱ ጭቃ ነው አባቴ፣ ያንሸራትትዎታል እያሉ፣ ቀስ አድርገው ወደ ወንበሩ መለሱኝ።